«ባለመኖርሽ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ

ጥር ላይ ሐረር፣ አክስቴ ቤት የሆነው ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ወደ ፍራንክፈርት ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል። ሌሊት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ፣ ጠዋት እተኛለሁ፣ በዕረፍት ቀኔ ብሩሽ አነሳለሁ። ብሩሹን ባነሳሁ ቁጥር ግን የአክስቴ አውራ ጣት ድቅን ይልብኛል። ጥፍሯ ውስጥ ሰማያዊ ኖራ ገብቶ። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

የድሬ ልጅ ነኝ። የከዚራ ዛፎች ሥር አድጌ በ1996 ዓ.ም. ከአገር ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አልተርክም፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቷል፣ የምታውቁት ታሪክ ነው። ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት የግጥም ደብተር ነበር። ያኔ ሥዕል የሚባል ነገር አልሞከርኩም። ሥዕሉን ያመጣው ዝምታ ነው።

ግጥም ሰሚ ይፈልጋል። ድሬ ሳለን ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጅ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ አንዱ በአማርኛ የጀመረውን ሌላው በኦሮምኛ ይቀጥለዋል፣ ሦስተኛው በሶማሊኛ ያሳርገዋል፣ ለሁሉም ይገባዋል፣ ሁሉም «አቦ!» ይላል። ፍራንክፈርት ያን «አቦ» የሚለኝ አጣሁ። ጀርመንኛዬ ዳቦ ከመግዛት አያልፍም፣ አማርኛዬ ደግሞ ከስልክ ካርዱ ጋር አብሮ ያልቃል። «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይባል የለ? ከዚህ ተረት ሁሌ የሚከነክነኝ ልጓሙ ነው። ጭነት ጀርባ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ይወርዳል። ልጓም ግን የሚገባው አፍ ውስጥ ነው።

ቀለም አስተርጓሚ አይፈልግም ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ ነው የጀመርኩት።

ኖራ

ልጆች ሳለን ክረምት ሲመጣ አክስቴ ጋ እንላክ ነበር። ከድሬ ሙቀት ተነስተን የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ይገባል፣ ያኔ «ሐረር ደረስን» እንላለን፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሆነን። አክስቴ የምትኖረው ጀጎል ውስጥ ነው፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ታች በሚወርድ ጠባብ መንገድ ላይ። ጎረቤቶቿ ሐረሪዎች ናቸው። በዓል ወይም ሰርግ ሲደርስ ሴቶቹ ግንባቸውን ይቀባሉ። ኖራው በውሃ ይበጠበጣል፣ የቀለም ዱቄት ይገባበታል፣ አንዱ ግቢ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሌላው አረንጓዴ፣ ወዲያ ማዶ ሮዝ። ሰፈሩ ሲቀባ አክስቴም አብራ ትቀባለች።

ኖራ ይላጣል። ዝናብ ይመታዋል፣ ፍየል ይታከከዋል፣ ልጅ ይፍቀዋል። ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ሰማያዊውን ስፍቀው ከሥሩ አረንጓዴ ይወጣል፣ አረንጓዴውን ስፍቀው ሮዝ። እያንዳንዱ ቀለም ያለፈ ዓመት በዓል ነው። አክስቴ ስታየኝ እጄን መታ ታደርገውና «ግድግዳ አይላጥም!» ትለኛለች።

የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ከሆነ መደቡን ታውቁታላችሁ፣ በቀይ አፈር የሚቀባውን። ያ ቀይ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ላለቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ሲሉ ነው እየሰማሁ ያደግኩት። ፊደል የለበትም። የሰው መልክ የለበትም። ቀለም ብቻ። ግን እዚያ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ያነበዋል። አብስትራክት ሥዕል የት ተማርሽ ብለው ሲጠይቁኝ ስለዚያ መደብ ነው የምነግራቸው። ረቂቅ ሥዕል ከውጭ የመጣብን ነገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በጭራሽ አልስማማም። እኛ በላዩ ላይ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣበት ኖረናል።

ፍራንክፈርት ላይ መጀመሪያ በአክሬሊክ ቀለም ሞከርኩ። እንደ ላስቲክ ሆነብኝ፤ ያብረቀርቃል፣ አይተነፍስም። አንድ ቀን የግንባታ ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር አንድ ባልዲ ኖራ ገዝቼ ገባሁ፣ የቀለም ዱቄትም ጨመርኩ፣ ጣውላ ላይ ቀባሁት። ሲደርቅ ወጥ ቤቴ የአክስቴን ግቢ ሸተተ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ አንድ ነው። መጀመሪያ ግጥሙን ጣውላው ላይ እጽፋለሁ፣ ሙሉውን። ቀጥሎ በኖራ እሸፍነዋለሁ። እንዲታይ የምፈልገው ብቻ ይቀራል፤ ግማሽ መስመር፣ ሩብ ቃል፣ አንዳንዴ የአንድ ፊደል እግር። ሰዎች ወደዱት። ፊደላችሁ ቆመው የሚያወሩ ሰዎች ይመስላሉ ይሉኛል፣ እጅ አላቸው፣ እግር አላቸው። እውነታቸውን ነው፣ ይመስላሉ። ቀስ በቀስ ግን ቃሉን ትቼ መልኩን መምረጥ ጀመርኩ። «ጨ» ታምራለች ብዬ «ጨ» ያለበትን አስቀራለሁ፣ የተቀረውን እደፍናለሁ። አንባቢ በሌለበት አገር ፊደል እንደ ጨሌ መደርደር ይቻላል። ማንም አይጠይቅም።

የእናቴ እጅ

የደቻቱን ወንዝ የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ሐምሌ 1998 ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ሰው በተኛበት ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ ፍራንክፈርት ሆኜ ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ደወልኩ። መስመር የለም። በአራተኛው ቀን የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፣ «አለሁ» አለችኝ፣ ካርዱ አለቀ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደብዳቤዋ በሰው እጅ መጣ፣ ከአንድ ኪሎ በርበሬ ጋር። አራት ገጽ፣ ባለመስመር ወረቀት ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። የዚያን ሌሊት ነገር በዝርዝር ጽፋልኛለች፤ የጎረቤት ፍራሽ ሲንሳፈፍ ማየቷን፣ ልጆቹን ጣሪያ ላይ እንዴት እንዳወጧቸው፣ ጠዋት መንደሩ ውስጥ ጭቃ ምን እንደሸተተ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ እስኪሳሳ።

እናቴ በ2003 ዓ.ም. ሞተች። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። ከዚህ በላይ ስለሱ አልጽፍም።

በ2011 ዓ.ም. ከአራቱ ገጾች አንዱን ጣውላ ላይ ለጠፍኩት። ከላይ ቀጭን ሙጫ ቀባሁት፣ ከዚያ ሰማያዊ ኖራ። አንድ መስመር ብቻ ተውኩ። «ያን ሌሊት አንቺ እዚህ ባለመኖርሽ» ይላል፣ ከዚያ ሰማያዊው ይጀምራል። ለምን እዚያ ላይ እንደቆረጥኩት ያኔ ብትጠይቁኝ ስለ ስደት፣ ስለ ክፍተት፣ ስለ ጎደለ ዓረፍተ ነገር ብዙ አወራ ነበር። ደግሞም አውርቻለሁ። አንድ ትንሽ ካፌ ውስጥ ሥዕሎቼን ሰቅዬ አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ «ምን ይላል?» ብትለኝ፣ «ለማንበብ አይደለም፣ ለማየት ነው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ደስ አላት። እኔም ትክክል የተናገርኩ መሰለኝ።

ሁለት ገጣሚ

ባለፈው ጥር ስመጣ ያንን ጣውላ በልብስ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። የእህቷ ነገር ነው፣ አክስቴ ቤት ይሁን ብዬ። ከመስጠቴ በፊት ግን ሁለት ቀን አቆየሁት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

በሁለተኛው ቀን መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል፣ በልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ መካከል አልፌ፣ ራምቦ ቤት ወደሚባለው ሙዚየም ሄድኩ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው፣ የቡና ነጋዴ ተቀጣሪ ሆኖ። በጉርምስናው ለአናባቢ ድምፆች ቀለም የሰጠ ገጣሚ ነው፤ አንዱን ጥቁር፣ አንዱን ነጭ፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ሰማያዊ አለ። እኔም የሱን አይቼ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ለሰባቱም ቀለም ለመስጠት ሞክሬያለሁ፣ ሳድስ ላይ ነው ሁሌ የምቸገረው፣ ምክንያቱም ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ አለው አንዳንዴ የለውም። ሐረር ሲደርስ ግን ራምቦ ግጥም ትቶ ነበር። ከዚህ የጻፈው ለእናቱና ለእህቱ ደብዳቤ ነው፤ ስለ ንግድ፣ ስለ ዕቃ፣ ስለ ድካም።

በተቃራኒው መንገድ የሄደው ገጣሚና ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ሐረር በ1932 እ.ኤ.አ. ተወለደ። አባቱ ካህን ነበሩ፣ ብራና ላይ የሚጽፉና የሚሥሉ። ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ረቂቅ ሥዕልን ለእኛ ሰው አስተዋወቀ፣ ሲተቹትም አልተመለሰም። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጥቶ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ፣ ላውተን በምትባል ከተማ ሞተ። ሥዕሎቹን አዲስ አበባ በስሙ በተሰየመው ማዕከል ቆሜ አይቻለሁ። እዚያ ባየኋቸው ላይ ፊደል የለም። ስለ አገሩ ሲጽፍ ደግሞ ግጥሙ ጥርት ያለ ነው፣ ተራ ሰው በቃሉ የሚይዘው። ሁለቱን ይወዳቸው ነበር፣ አንዱን ግን በሌላው አልሸፈነም።

ይህን እያሰብኩ ወደ አክስቴ ቤት ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ያኔ የቀናሁበት በሥዕሉ አልነበረም። በዚያ ጥርት ያለ አማርኛው ነበር።

ጥፍር

ማታ ቡና ተፈላ። ጣውላውን ከልብሱ አውጥቼ ሰጠኋት። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ወደ በሩ ወሰደችው፣ ብርሃኑ ወዳለበት። ሥዕሉን ታየዋለች ብዬ ስጠብቅ ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳረፈች።

«ያን... ሌሊት... አንቺ... እዚህ... ባለመኖርሽ...»

ጣቷ ሰማያዊው ላይ ደረሰና ቆመ። ጣውላውን አዘነበለችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ባለመኖርሽ ምን?»

«እቴቴ፣ ሥዕል ነው እኮ። የሚነበብ አይደለም።»

«አነበብኩት እኮ» አለችኝ።

ከዚያ ዓይኗ ድረስ አስጠጋችው። ብዙ ቆየች። አቦሉ ተቀድቶ ቀዘቀዘ። «ይሄ የእህቴ እጅ ነው» አለች ቀስ ብላ። «‹ሽ›ዋን ተመልከቻት። እግሯን ስታጋድላት አይታይሽም? እኔም እንደሷ ነው የማጋድላት። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት።»

ይህን አላውቅም ነበር። አክስቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ እንደተማረች እሰማለሁ። ቤት ማታ ማታ በኩራዝ ያስጠናቻት ታናሽ እህቷ፣ ያኔ ተማሪ የነበረችው እናቴ መሆኗን ግን የነገረኝ የለም። አክስቴ የስኳር ጆንያ ሳይቀር የምታነብ ሰው ናት። የመድኃኒት ወረቀት ታነባለች፣ የባጃጅ ጥቅስ ታነባለች። የተጻፈ ነገር ዘላ አታልፍም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያለች ነበር የምታስቆጥረኝ» አለችኝ። ከዚያ እንደገና ጠየቀችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር፣

«ታዲያ ቀጥሎ ምን ይላል?»

አፌን ከፈትኩ። አላውቀውም።

ፍራሹን አስታውሳለሁ። ጣሪያውን፣ ጭቃውን አስታውሳለሁ። «ባለመኖርሽ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ግን አላስታውስም። አልገለበጥኩትም። ፎቶ አላነሳሁትም። የማውቀው ራሴ የሠራኋቸውን ሁለት መጨረሻዎች ነው። ጥሩ ቀን ሲሆን «እግዚአብሔርን አመሰገንኩት» ይላል። ክፉ ቀን ሲሆን፣ ቀብሯ ላይ አለመቆሜ ትዝ ሲለኝ፣ «እጅግ ከፋኝ» ይላል። ስንት ዓመት ሁለቱን እየቀያየርኩ እንደኖርኩ ያወቅኩት እዚያ በር ላይ ነው። ሥዕሉን እዚያ ላይ የቆረጥኩትም ለክፍተት ብዬ አይደለም። ያንን ቃል ማየት ፈርቼ ነው። ኖራ ቀብቼ ረቂቅ ነው አልኩት።

ዝም ስል አክስቴ አውራ ጣቷን አነሳችና ሰማያዊው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። መፋቅ ጀመረች። ልጅ ሆኜ ግድግዳ ስልጥ እጄን የምትመታኝ ሴት። ተዪው ልላት ነበር። ሰባት ጊዜ የታየ ሥዕል ነው፣ የደከምኩበት ሥራዬ ነው። አላልኳትም። ኖራው ትንሽ ትንሽ እያለ ቄጠማው ላይ ረገፈ። ከሥሩ ሙጫው አለ፣ ወረቀቱን ጠብቆታል። ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ፋቀች፤ ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«‹እ›» አለች። «‹እ› ነው።»

ሁለቱም መጨረሻዎቼ በ«እ» ይጀምራሉ።

ዓይኗ ደክሞ ነበር፣ ሞራ ጀምሯታል። «ለዛሬ ይበቃል» ብላ ጣውላውን ከሥዕለ ማርያም አጠገብ አቆመችው። እኔ ልፋቀው አላልኩም። እሷም ፋቂው አላለችኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም፤ ሲነጋ ተነስቼ አየሁት፤ ሰማያዊው ውስጥ የጥፍር መንገድ፣ በመንገዱ መጨረሻ አንዲት ፊደል። ከሠራኋቸው ሥዕሎች ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፣ ያንን ያሻለው ግን የኔ እጅ አይደለም።

ከተመለስኩ በኋላ ምን ተለወጠ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ኖራውን አልተውኩትም። ቃልና ቀለም አብረው መኖር እንደሚችሉ አሁንም አምናለሁ፣ ያ ቀይ መደብ ምስክሬ ነው፤ ያ ቀለም የሚናገረው የሚያነቡት ሰዎች ስላሉ ነው። የኔ ሰማያዊ ግን የተቀባው ማንም እንዳያነብ ነበር። አማርኛ ማንበብ ለሚችል ሰው ያንን ሥዕል አሳይቼ አላውቅም፣ አንድም ቀን። አሁን ግጥሙን በደብተር ሙሉውን እጽፋለሁ፣ ደብተሩን አስቀምጣለሁ። ጣውላ ላይ የማስቀረው መስመር በቃል መሃል አይቆረጥም። ሥራው ሲያልቅ ፎቶውን ለአክስቴ እልካለሁ፣ የጎረቤት ልጅ በስልኩ ያሳያታል፣ ጮክ ብላ ስታነበው ድምፅዋን ይቀዳልኛል። አንዳንዱን ቤት ሳይገባት ታልፈዋለች። አንዳንዱ ላይ ትቆማለች። የቆመችበትን አስተካክላለሁ።

ሌሎቹ ሦስት ገጾች ሳጥኔ ውስጥ ናቸው። ሦስቱንም በእጄ ገልብጫቸዋለሁ፣ ስገለብጥ የራሴን «ሽ» አየሁት። እሱም ያጋድላል።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ደወለች። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ጤናዬን፣ ከዚያ ብርዱን፣ ከዚያ ሥራዬን ነው የምትጠይቀኝ። ያን ቀን ሰላምታውን አስረዘመችው። በመጨረሻ «ሁለተኛዋን አወጣኋት» አለችኝ።

«ምን ሆነች?»

«‹ን›።»

«እን»። ሁለቱም መጨረሻዎቼ ወደቁ። ስልኩን ይዤ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እንኳን፣ እንባዬ፣ እንዴት፣ እንጃ። በ«እን» የሚጀምር ቃል ስንት እንደሆነ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

«ሰማሽኝ?» አለች አክስቴ።

«ሰማሁሽ እቴቴ። ሦስተኛዋንስ?»

«ጥፍሬ አልቋል» አለችኝ። «ይደግና እቀጥላለሁ።»